ማን ሞቶ ነው በእግር የምትሄዱት?

እኛ አገር ሰው ያለ ምክንያት መንገድ አይጀምርም። ገበያ ይኬዳል፣ ለቅሶ ይኬዳል፣ ሠርግ ይኬዳል፣ የታመመ ሰው ሊጠየቅ ይኬዳል። ፍርድ ቤት የተቀጠረም ይሄዳል። የሰው አገር ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚበላበት ለማወቅ ብቻ ቦርሳ አዝሎ የወጣ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ፈረንጆች እንደዚያ እንደሚያደርጉ እሰማለሁ። እነሱም ቢሆኑ ወይ ወደ ላሊበላ ወይ ወደ መቀሌ ነው የሚያልፉት፤ ቆቦ ላይ የሚወርዱት እግራቸውን ለማፍታታት ነው።

እሷ ግን ወረደችና ቀረች።

ጊዜው መንገዱ ገና ሰላም የነበረበት ነው፤ ማሽላው ዛላ አውጥቶ ወፍ የሚጠበቅበት ወር። እኔ ከአረብ አገር ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስድስት ዓመት ሠርቼ ባመጣኋት ጥሪት አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ትንሽ ጁስ ቤት ከፍቻለሁ። ፓፓያና አቮካዶ እፈጫለሁ፣ ማንጎ ሲደርስ ደግሞ ማንጎ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰሜን የመጣ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ፣ ከራሷ በላይ ከፍ ያለ አረንጓዴ ቦርሳ ያዘለች፣ ፀጉሯ አቧራ የጠጣ ቀጭን ልጅ ገባችና በእንግሊዝኛ ውሃ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ቦርሳዋን አውርዳ ወንበር ላይ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸና በአረብኛ ማውራት ጀመረች።

ግማሹ አልገባኝም። ፈጣን ነው፣ ቃሎቹን ትቆራርጣቸዋለች። ግን አረብኛ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ከእኔ በፊት እጄ ሰማው መሰለኝ፣ አሁን የወለወልኩትን ጠረጴዛ እንደገና መወልወል ጀመርኩ። ስልኩን ስትዘጋ ከአፌ የወጣው በአረብኛ «ሌላ ምን ላምጣ፣ መዳም?» የሚል ነበር።

ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «አረብኛ ትችያለሽ!»

«ትንሽ፣ መዳም።»

«መዳም ያልሽው እኔን ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «እኔ መዳም አይደለሁም። ሥራዬን ትቼ አገር የምዞር ሰው ነኝ።»

ከቱኒዝ ነው የመጣችው። ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምር ነበር። ሥራዋን ትታ፣ ግብፅን ከላይ እስከ ታች አቋርጣ፣ በሐይቅ ላይ በጀልባ ሱዳን ገብታ፣ በመተማ በኩል ወደ እኛ ተሻግራለች። የምትናገረውን እንድሰማት ብላ አረብኛዋን ቀስ አደረገችው፤ የቴሌቪዥን አረብኛ ሆነ። አስዋን ላይ አንዲት ሴት ከመንገድ ጠርታ ባቄላና ሽንኩርት እንዳበላቻት፣ ሱዳን ውስጥ በአባይ ዳር ባሉት ትንንሽ ከተሞች አንድም ቀን ሆቴል እንዳላደረች፣ እንደ ወረቀት የሳሳ እንጀራ በወጥ እንደበላች ነገረችኝ። በር አንኳኩታ አታውቅም። ሰው ነው አስቁሞ የሚወስዳት።

«ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«ሰው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚበላ ማወቅ እወዳለሁ» አለች። «አንቺ ስድስት ዓመት አረብ አገር ኖረሻል። ምን ምን አየሽ?»

አሰብኩ። ያየሁት ከአራተኛ ፎቅ የኩሽና መስኮት የሚታይ የጎረቤት በረንዳ ነው። ልብስ ይሰጣበት ነበር። እሱን ነገርኳት።

ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ወሰድኳት። እናቴ አዲስ ሰው ትወዳለች፤ ግን መጀመሪያ ወደ ጓዳ ጠርታኝ መመርመር ነበረባት። «እስላም ናት?» አለችኝ። «ናት» አልኩ። «ታዲያ ፀጉሯ?» «እማ፣ እነሱ ጋ እንደዚያም አለ።» እናቴ ትንሽ አሰበችና ከሳጥኗ ሻሽ አውጥታ ሰጠቻት። እንግዳዬ ለፀሐይ መስሏት አመሰገነች። እናቴም ለሌላ ነገር መሆኑን አልነገረቻትም፤ ሁለቱም ደስ አላቸው።

ማዕዱ ሲቀርብ አንድ ነገር ሆነ። እናቴ ሥጋ ገዝታ አልጫ ሠርታለች። እኔ የውሃውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ከእንግዳዋ በስተጀርባ ቆሜያለሁ። እንደቆምኩ አላውቅም ነበር። እናቴ ቀና ብላ «ምን ነው ዘብ ሆንሽሳ? ተቀመጪ እንጂ፣ እሷም እኮ አልበላ አለች» አለችኝ። እንግዳዬ እውነትም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

የእኔ አረብኛ የኩሽና አረብኛ ነው። አምጪ፣ እጠቢ፣ ወልውዪ፣ ቶሎ በይ፣ የት አደረግሽው፤ እነዚህን እንደ ውሃ እጠጣቸዋለሁ። እንግዳን ብዪ፣ አረፍ በዪ ለማለት ግን ቃል መፈለግ ነበረብኝ። አንድ ቃል አውቅ ነበር። አሠሪዎቼ እንግዳ ሲመጣባቸው፣ እኔ ትሪውን ይዤ ስቆም፣ በትሪው ላይ አሳልፈው ለእንግዳው የሚሉት ቃል፦ ተፈደሊ። በስድስት ዓመት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለእኔ ተብሎ አያውቅም፣ እኔም ለማንም ብዬው አላውቅም። ተቀመጥኩና «ተፈደሊ» አልኳት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች።

በማግሥቱ ወደ ጎብዬ መሄድ ፈለገች። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስለ ጎብዬ ገበያ አውርቶላታል። መሄዱስ ጥሩ፣ ግን በእግር ነው የምሄደው አለች።

«ሚኒባስ እኮ አለ» አልኳት።

«ከሚኒባስ ውስጥ ምን አያለሁ? አንቺም ነይ። ቋንቋ ትሆኚኛለሽ።»

እኔ ቆቦ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በሮቢትና በጎብዬ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላህ ይወቀው። ግን ሳልፍ አይቼዋለሁ የምለው የጎማ ማስተካከያውንና የሻይ ቤቱን በር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ አላውቅም። ይህ ለራሴ ገረመኝ። ጁስ ቤቱን ለእህቴ ሰጥቼ፣ አንድ ሙሉ ልብስና ፎጣ በትምህርት ቤት ቦርሳ አጭቄ ወጣሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ማን ሞቶ ነው በእግር የምትሄዱት?» ብላ ከኋላችን ጮኸች።

ይህን ጥያቄ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተጠየቅነው! ከከተማው ሳንወጣ አንድ ባለ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። «ግቡ» አለን። «እየሄድን ነው» አልኩት። «ገብቶኛል፣ ግቡ፣ በነፃ ነው።» አልገባንም። መቶ እርምጃ ያህል አብሮን ቀስ እያለ ነዳና «ለቅሶ ነው እንዴ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥሎ አሸዋ የጫነ መኪና ቆመ። ከዚያ ሁለት ሴቶች በጋሪ። ሁሉም ሊያሳፍሩን ይፈልጋሉ፣ ሁሉም አንድ ክፉ ነገር እንደደረሰብን ያምናሉ። አንደኛዋ ሴት እንዲያውም «አብሽሪ፣ ሁሉም ያልፋል» ብላኝ ሄደች። እንግዳዬ እያንዳንዱን ተርጉሚልኝ ትላለች። ስተረጉምላት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ባርሻ፣ ባርሻ!» ትላለች፤ በእነሱ አነጋገር «እጅግ» ማለት ነው።

በግራም በቀኝም ማሽላ ነው። ከሰው ቁመት በላይ ሄዷል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ደብዝዞ ይታያል፤ በስተምዕራብ ደጋው። «በቆሎ ነው?» አለችኝ። ማሽላ በአረብኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ማሽላ ነው አልኳት በአማርኛ። «ማሽላ፣ ማሽላ» እያለች ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ረፋዱ ላይ፣ ሮቢት ሳንደርስ፣ ከማሽላው መካከል ከእንጨት የተሠራ ማማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ወንጭፋቸውን አወረዱና ጮኹብን።

«ማን ሞቶ ነው በእግር የምትሄዱት?»

«ማንም አልሞተም አባባ! አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም! ታዲያ መኪናው ጥሏችሁ ሄደ?»

«የለም፣ ፈልገን ነው!»

«ፈልጋችሁ?» ነገሩን ሲያስቡት ከታች ይታየኛል። «በሉ እንግዲያ ኮቱ፣ ኮቱ! ጥንቅሽ ብሉ!» ኮቱ ማለት በኦሮምኛ ኑ ማለት ነው፤ ራያ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች አሁንም ይሉታል።

ከማማው በዝግታ ወረዱ። ሁለት ጥንቅሽ ከሥሩ ቆርጠው፣ ቅጠሉን ገፈው ሰጡን። እንግዳዬ እንዴት እንደሚበላ አታውቅም። ሽማግሌው ጥርስ የላቸውም፤ በባዶ ድዳቸው ቅርፊቱን እንደሚልጡ እያስመሰሉ አሳዩዋት። ነክሳ ጣፋጩ ውሃ አፏ ሲገባ «ስኳር ነው!» ብላ በአረብኛ ጮኸች። ሱከር የሚለውን ቃል ሽማግሌውም ሰሙት። «ስኳር አለች አይደል?» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ወፎቹ ይህን ጊዜ እንደ ደመና ማሽላው ላይ አረፉ። «አባባ፣ ወፉ!» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩ። «ዛሬ ይብላ» አሉ፤ «ለእሱም ሲሳይ ነው። እናንተ ወደ ቤት ትገባላችሁ።» አንገባም ብንል የሚሰሙን አልነበሩም፤ ቀድመውን መሄድ ጀምረዋል።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ፣ ጭቃ ምርግ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ባለቤታቸው ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። እኛን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። አጎዛ አነጠፉልን፣ ውሃ ሰጡን፣ ከዚያ ወደ ማድቤታቸው ገቡና የሚንኳኳ ድምፅ ብቻ መስማት ጀመርን። ከብዙ ደቂቃ በኋላ የማሽላ ገንፎ፣ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ፣ ዙሪያውን እርጎ አድርገው አቀረቡ። ለሽማግሌው ደግሞ ለብቻ በጎድጓዳ ሳህን የማሽላ አጥሚት አመጡላቸው፤ ጥርስ ስለሌላቸው በወተት የተሠራ፣ ስኳር ጠብ ያለበት።

እንግዳዬ ገንፎውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀመሰች። ጥሩ ነው አለች። ከዚያ እጇ ቆመ። አፍንጫዋን እንደ ሕፃን ወደ ሽማግሌው ሳህን አዞረች።

«ያ ምንድን ነው?»

«አጥሚት ነው። ለአባባ ነው፤ ጥርስ የላቸውም።»

«ልቅመሰው?»

አፈርኩ። የሽማግሌ ምሳ እንዴት ይጠየቃል? ግን ቋንቋ ልሆናት ነው የመጣሁት። ቀስ ብዬ ተናገርኩ። ሽማግሌው ሳህኑን ሳይቀምሱት በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። ማንኪያ ወሰደች። ሁለተኛ ወሰደች። ከዚያ ሳህኑን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ አሸተተችው።

«ድሮዕ» አለች።

ባለቤትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ድሮ አለች? አማርኛ ትችላለች?»

«ድሮዕ! ድሮዕ!» ትላለች እንግዳዬ ሳህኑን እያሳየች። ከብዙ መጠያየቅ በኋላ ነው የገባኝ። እነሱ አገር በክረምት ጠዋት ጠዋት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት የሚጠጡት ነው። ከሱቅ ግራጫ ዱቄቱን ይገዙታል። አባቷ ነበር የሚያማስልላት። ከምን እንደሚሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሲል አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። በማሽላ መካከል ጠዋቱን ሙሉ ሄዳ፣ የድሮዕ እህል መሆኑን ሳታውቅ አለፈችው።

ይህን ስተረጉም ባለቤትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እነሱም ማሽላ ይበላሉ?» አሉ። «አረብ?» ለሽማግሌው ሌላ አጥሚት ሊሠሩ ተነሱ፤ ግን ማድቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና ተመለሱ።

«ይች ልጅ አረብ ናት ማለት ነው?»

«ናት እማማ። የሩቅ አረብ ናት።»

«ልጄ እነሱ ጋ ናት።»

ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ተለወጠ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ልጃቸው ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከረመዳን ወዲህ ድምጿን አልሰሙም። ስልኬ ሊበላሽ ነው፣ ከጠፋሁ በዚህ ደውሉ ብላ የአሠሪዋን ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ቁጥሩ ከበሩ አጠገብ በጭቃው ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፏል። «እንደውላለን» አሉ እናትየው፤ «አንዲት ሴት ታነሳዋለች። ምን እንደምትል አናውቅም፤ እሷም እኛን አታውቅም። ትጮሃለች፣ እንዘጋዋለን።» ከዚያ ወደ እንግዳዬ ጎንበስ ብለው በአማርኛ፣ ልክ እንደምትሰማቸው፣ «ልጄን ያበሏታል?» አሏት።

ተርጉሚ ማለት ቀላል ነው። አፌ እምቢ አለኝ። ሴትየዋ ይህን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? ቋንቋውን ከዚያ ነው የያዝሽው። ይበላል ወይ?»

«ይበላል እማማ» አልኩ። «ሩዝ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ዳቦ አለ። ምግብ አይጎድልም።» ውሸት አልነበረም። ሙሉውም አልነበረም።

እንግዳዬ ምን እንደተባለ ጠየቀች። ነገርኳት። ግድግዳውን ተመለከተች። «አንቺ ለምን አትደውዪላቸውም? ቋንቋውን ትችያለሽ» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። እርግጥ ነው፣ መደወል እችላለሁ። ያን ቁጥር ገና ሳየው ያሰብኩት ሌላ አልነበረም። ግን ስልኩ ሲነሳ የሚመጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እኔም የምሆነውን አውቀዋለሁ። «እኔ ከደወልኩ የምትሰማው ሠራተኛ ነው» አልኳት። «አቤት መዳም ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ወዲያ የምለው ይጠፋኛል።»

ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ከግድግዳው እያየች መታችው፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ አጎዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሦስት ጊዜ ጮኸ። አንዲት ሴት አነሳች፣ ቸኩላ።

እንግዳዬ በዚያ በተጣራው፣ ዜና በሚነገርበት አረብኛዋ ጀመረች። «አሰላሙ አለይኪ እህቴ። ከኢትዮጵያ ነው የምደውልልሽ። ቤትሽ ውስጥ የምትሠራው ልጅ እናት ቤት በእንግድነት ተቀምጫለሁ። አያውቁኝም፣ ከመንገድ ጠርተው አበሉኝ። የልጃቸውን ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ።»

ሴትየዋ «አንቺ ከየት ነሽ?» አለች።

«ከቱኒዝ።»

«ቱኒዝ! ኢትዮጵያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እበላለሁ» አለች እንግዳዬ።

ከዚያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ። እኔ የመዳም ሳቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህ ለሥራ ሲያዙኝ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ የሚስቁት ነበር። ሴትየዋ «ደህና ናት፣ ስልኳ ወድቆ ተሰብሮባት ነው። ስንት ጊዜ ሰው ይደውላል፣ ቋንቋው አይገባኝም፣ ይዘጋል። እናቷ መሆናቸውን በምን አውቄ?» አለች። ከዚያ የልጅቷን ስም ስትጠራ ተሰማን።

እርምጃ። የነጠላ ጫማ ድምፅ። «አቤት መዳም?» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ በአረብኛ።

እናትየው ስልኩ ላይ ተደፉ። «እኔ ነኝ!»

ልጅቷ በአማርኛ ጮኸች፦ «እማ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ልጄ! ወላሂ ማንም አልሞተም! አባትሽ ይኸው፣ እዚሁ ነው! እንግዳ መጥቶብን ነው፤ እንግዳ ናት የደወለችልን!»

«ምን እንግዳ?»

«አረብ! አጥሚት የምትበላ አረብ!»

ልጅቷ መሳቅ ስትጀምር ማልቀሷም አብሮ መጣ። ሽማግሌው ተራ አልደረሳቸው ብሎ ከጎን «ጥንቅሹ ደርሷል በያት፣ ላሟ ወልዳለች በያት» ይላሉ። ልጅቷም ስለ ሥራዋ አንድም ቃል አላወራችም፤ የምትጠይቀው ስለ ማሽላው ነው፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ እርጎ አለ ወይ፣ ዛሬ ምን በላችሁ። እናትየው እያንዳንዱን ይቆጥሩላታል። ገንፎ፣ ቅቤ፣ እርጎ። እንግዳዬ አንዱም ቃል አይገባትም፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተንበርክካለች። ጠቅላላ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ ካርዱ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ ነው።

ያን ቀን ወደ ሮቢት አላለፍንም። ማን ያሳልፈናል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ዶሮ ታረደ፤ ጎረቤት ሁሉ አጥሚት የምትበላዋን አረብ ሊያይ መጣ። አንድ ጎረቤት ሽንኩርት ይዞ መጣ፣ ሌላዋ ፓፓያ። እኔ የእናትየው ማድቤት ገብቼ ላግዝ ስል በክርናቸው ገፉኝ። «ውጪ! አንቺም እንግዳ ነሽ» አሉኝ። ወጣሁና ምን እንደምሠራ ጠፋኝ። ደጁ ላይ ከእንግዳዬ ጎን ተቀመጥኩ። ከብቶቹ ሲገቡ አየን።

«አንቺንስ ያበሉሽ ነበር?» አለችኝ እሷ ድንገት።

«ያበሉኝ ነበር» አልኩ። «ቆሜ። እነሱ ከጨረሱ በኋላ። ክፉዎች አልነበሩም፤ አንዴ አሞኝ መዳሟ ራሷ ሾርባ ይዛልኝ መጥታለች። ግን ስድስት ዓመት አንድ ገበታ ላይ አልተቀመጥንም። እንድቀመጥ መጠየቁም ትዝ ያላቸው አይመስለኝም። እኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ እስከ ትናንትና።»

ከነገርኳት በኋላ ቀለል አለኝ፤ ዶሮው ሲቀርብ ሦስት እንጀራ በላሁ።

በማግሥቱ ሮቢት ላይ ቁርስ ልንበላ አንድ ሻይ ቤት ገባን። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተደረደረውን ቦምቦሊኖ ስታይ እንግዳዬ ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። «ባምባሉኒ!» አለች። እነሱ ጋ በባሕሩ ዳር ይሸጣል፣ ቀዳዳውም ያው፣ ዘይቱም ያው። ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። ጣሊያኖች ናቸው ይላሉ አለች። እኛም ጋ እነሱ ይሆናሉ አልኳት። ባለ ሻይ ቤቱ የምንነጋገረውን ሰምቶ «ጣሊያን ይሄን ነው የተወልን?» ብሎ በወረቀት ሁለት ጨመረልን፤ ተረፈብኝ ብሎ ምክንያት ፈጠረለት።

ጎብዬ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ከየቀበሌው የመጣ ገበሬ፣ ፍየል፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ማሽላ በቁና። እዚህ ከዚህ በፊት የመጣሁት ዕቃ ለመግዛት ነበር፤ ገዝቼ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ያን ቀን ምንም አልገዛሁም። የማላውቀውን ሁሉ ጠየቅሁ። ይሄ ዱቄት ምንድን ነው? ይሄን ጎመን እንዴት ትሠሩታላችሁ? ቀይ ማሽላና ነጭ ማሽላ በጣዕም ይለያያሉ? አንዲት ሴት «አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?» አለችኝ። ቆቦ ስላት አላመነችኝም። ቀይ ማሽላ ለጠላ፣ ነጩ ለእንጀራ እንደሚሻል፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ጠላ ቢጠምቁም እሷ ግን ስለማትጠምቅ ቀዩን በቂጣ እንደምትጨርሰው አስረዳችኝና ከያዘችው ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። እውነትም ይለያያል፤ ቀዩ ትንሽ ይመራል።

ከሰዓት በኋላ እንግዳዬ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ቦርሳዋን ከጣሪያው ላይ አሰሩላት። የእናቴን ሻሽ ጠምጥማዋለች። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጁስ ቤቴ ሁለት ጊዜ ተዘርፋ ሁለት ጊዜ ከፈትኳት። እንግዳዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኔትወርክ በተከፈተ ቁጥር የምትልክልኝ መልእክት አንድ ነበር፦ በልታችኋል? የሽማግሌዎቹ ልጅ አሠሪዋ አዲስ ስልክ ገዝታላት ውሏን ጨርሳ ተመለሰች። አሁን ሮቢት ባል አግብታ ሱቅ ይዛለች። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ስለ አረብ አገር አላወራንም፤ ስለ አባቷ ሞት አወራን። ማማው ላይ ሆነው በቀን ነው ያረፉት አለችኝ፣ ወፍ ሲጠብቁ።

እኔም በየጊዜው ጁስ ቤቱን ለእህቴ እየተውኩ መሄድ ጀመርኩ። እናቴ ምክንያቴን መጠየቅ ትታለች። ባለፈው ወር ከዞብል ተራራ ሥር፣ አፋሮች ግመል እየነዱ ወደሚወርዱበት መንደር ሄድኩ። አንዲት የአፋር ሴት፣ አማርኛዋ ከእኔ አረብኛ የማይሻል፣ በቅል የግመል ወተት ሰጠችኝ። ጨው አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የጭስ ጣዕም። ጭሱ ከወተቱ ነው ወይስ ከቅሉ ብዬ ጠየቅኋት። ቅሉን ተቀብላኝ፣ አሽትታ፣ አንድ የሚጤስ እንጨት ከእሳቱ አውጥታ በሌላ ባዶ ቅል አፍ አስገብታ አሳየችኝና በእጄ አስያዘችኝ።